ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የተለካው

ባለፈው ማክሰኞ ቤዛ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ቤዛ ከቢሯችን ፕሮግራመሮች ሁሉ ታናሿ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምዶች ተሥለዋል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።

«ጋሽ ጌትነት፣ ያዘዙኝን ለክቼ ጨረስሁ» አለችኝ። «ይኼኛው ከዚያኛው በእጥፍ ይፈጥናል። ከእንግዲህ ክርክር የለውም።»

«የት ሆነሽ ለካሽው?»

«ቤቴ።»

«ሁለቱንም ስትለኪ ላፕቶፑ መብራት ላይ ተሰክቶ ነበር?»

ሳቀች። የቀለድሁ መስሏታል። «ኧረ ጋሼ፣ ይኼን ደግሞ ማን ያስታውሳል!» ብላ ወረቀቱን ትታልኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ኢሜይል ከፍቼ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም። ተነሥቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እዚያም አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሳለ አልተቀመጥሁም። ከአንዱ ዋርካ ወደ ሌላው ዋርካ እየተመላለስሁ፣ ጀልባ የሚጠብቁት ሰዎች ይኼ ሰውዬ ምን ጠፍቶት ነው እስኪሉ ድረስ መሬት መሬቱን እያየሁ ተንጎራደድሁ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ ሐኪምም ጉልበትህን አሳርፈው ብሎኛል። ያ ነገር ትዝ ሲለኝ ግን እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም።

ነገሩ የሆነው የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። እኔና ማኅደር የምትባል ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። ሥራችን ተማሪዎች ውጤታቸውን የሚያዩበትን ድረ ገጽ እንደ አዲስ መሥራት ነው። የድሮው ገጽ ውጤት በተለቀቀ ቀን ቀጥ ይል ነበር። ተማሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከፍተዋል፤ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ቀጥሎ ጨርሶ ይሞታል፤ ከዚያ ሬጅስትራር በር ላይ ሰልፍ ነው፣ ጩኸት ነው። አለቃችን አቶ ፈቃዱ ያን ቀን በጓሮ በር ነበር የሚወጡት።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ አላደክምም። ድረ ገጽ ስንሠራ ገጹ ውስጥ ትንንሽ ዐረፍተ ነገሮች እናስቀምጣለን። «ውጤቱ ከሃምሳ ካነሰ በቀይ አሳይ»፣ «የአያት ስም ካለ ጨምር»፣ ይህን የመሳሰሉ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አንብቦና አስልቶ መልስ የሚሰጥ፣ ሌሎች ሠርተው በነፃ ያስቀመጡት ዝግጁ ፕሮግራም አለ። ላይብረሪ እንለዋለን። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ቀልጣፋም ዘገምተኛም አለው። አንድ ተማሪ ብቻ ሲከፍተው ልዩነቱ አይታይም። ኮሌጁ በሙሉ ባንድ ደቂቃ ሲመጣበት ግን ገጹን የሚያቆመውም የሚጥለውም እሱ ነው ብለን እናምን ነበር።

እኔ የፈለግሁት አሮጌውን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ላይብረሪ ነው። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት በእሱ ስለሆነ እንደ ገዛ ቤቴ አውቀዋለሁ። ማኅደር ደግሞ ገና ብዙ ሰው ያልነካውን አዲሱን ፈለገች። ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ አንብባ ያገኘችው ነው። በሻይ ሰዓት እንከራከራለን፤ ምሳ ላይ እንከራከራለን። መከራከር ብል እንኳ የምለፈልፈው እኔ ነበርሁ። ማኅደር የቆላ ድባ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። አንድ ነገር ትናገራለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ አፌን መዝጋት አልችልበትም፤ ይኼ ጠባይ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

አንድ ቀን አቶ ፈቃዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። የአዳማ ሰው ናቸው፤ ለሥራ መጥተው እዚሁ ልጆች ወልደው ቀርተዋል።

«በክርክር ገደላችሁኝ እኮ!» አሉ። «ለኩት በቃ። ለሁለቱም እኩል ሥራ ስጧቸውና የትኛው ቀድሞ እንደሚጨርስ አሳዩኝ። የፈጠነውን ያመጣ ሰው ሥራውን ይመራል።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከሰኔ በኋላ ያለኝ የአንድ ሰው መደብ ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ» ሲሉ ጨመሩ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ላይብረሪው ላይብረሪ መሆኑ ቀረ። ከሁለታችን አንዳችን እንቀራለን፣ አንዳችን እንሄዳለን። እኔ ደግሞ አፈኛ አይደለሁ፤ ለእናቴ ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ነው ብዬ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር።

ያ ጊዜ ግንቦት ነው። የባሕር ዳር ግንቦት ሸሚዝ ከጀርባ ጋር የሚጣበቅበት፣ ማንጎ በየመንገዱ ዳር የሚከመርበት፣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ የሚለምንበት ወር ነው። መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። የቢሮው ኮምፒውተሮች የቀኑን እኩሌታ ተኝተው ይውሉ ስለነበር መለካቱ ለእኔ ወደቀ። ላፕቶፕ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ነው የገዛልኝ። ማኅደር የራሷን ሙከራ ጽፋ በፍላሽ አመጣችልኝ።

«አንተው ጋ ለካው» አለችኝ።

«የማታምኚኝ መስሎኝ ነበር» ብዬ ቀለድሁ።

«ለምን አላምንህም?» አለች። እሷ አልቀለደችም።

የተከራየሁት ዓባይ ማዶ፣ እትዬ ውዴ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ማኅደርም ከእኔ ሁለት ቅያስ አልፋ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ሰክቼ የራሴን ሙከራ አስነሣሁ። አንዲቱን ዐረፍተ ነገር መቶ ሺህ ጊዜ ማስላት ነው፤ ከዚያ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ መመዝገብ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ቁጥሮቹን በደብተሬ ላይ ሰዓቱን ጭምር ጻፍሁ፤ ሰዓት መጻፌ ሳይንሳዊ የሚያደርገኝ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ። የእትዬ ውዴ ሬዲዮ ከወሬው መካከል ተቋረጠ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ከማጀት ሆነው የመብራትን መሥሪያ ቤት ተራገሙ። ወጥቼ ከድልድዩ ማዶ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ በላሁ፤ አንድ ማንጎ ጨመርሁበት፤ እጄን እየላስሁ ተመለስሁ።

እንግዲህ የእኛ ልማድ እዚህ ላይ ነው። ያኔ ላፕቶፕ ያለን ሰዎች መብራት ሲሄድ ቀና ብለን እንኳ አናይም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ሲያቆም እኛ ካቆምንበት መስመር እንቀጥላለን፤ ይህም ኩራታችን ነበር። የእኔዋ ባትሪ አዲስ ናት፤ ከሰዓት በኋላውን በደንብ ትይዛለች። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ የማኅደርን ፍላሽ ሰክቼ የእሷን ሙከራ አስነሣሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከወንዙ በኩል ትንሽ ንፋስ ይመጣል። ቁጥሩ ወጣ። የፈጀው ሰከንድ የእኔን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ብድግ ብዬ ክፍሌ ውስጥ ዞርሁ። ከዚያ ደግሞ ልጅቷን እንዳልበድላት ብዬ የእሷንም ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ሦስቱም ያው ነው። ሦስቱንም የለካሁት በባትሪ መሆኑ በሐሳቤም አልመጣ።

ሰኞ ዕለት ለአቶ ፈቃዱ ሰንጠረዡን ዘረጋሁላቸው። ማኅደር ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የለካኸው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ነዋ። የእኔን ጠዋት፣ የአንቺን ከምሳ በኋላ።»

ቀና ብላ ዐየችኝ። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እኔም የምትጠብቀውን ስላላወቅሁ ስለ ሰንጠረዡ ማብራራቴን ቀጠልሁ። ወረቀቱን መለሰችልኝ። አቶ ፈቃዱም፣ «እንግዲህ ቁጥር ተናገረ» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

እሮብ ዕለት ቢሮ ፈረቃችን ጨለማ ነበር። ለአቶ ፈቃዱ በዓይናቸው ላሳያቸው አስቤ በላፕቶፔ የራሴን ሙከራ አስነሣሁ። ላይብረሪዬ ተጎተተ። ቁጥሩ የማኅደርን አክሎ ቁጭ አለ። የተበላሸ ነገር ያለ መሰለኝ፤ አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ያው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጄኔሬተር ወዳለው አንድ ሐይቅ ዳር ካፌ ሄጄ ቻርጀሩን ሰካሁና ደገምሁት። ፈጠነ። ነቀልሁት፤ ዘገየ። ሰካሁት፤ ፈጠነ። ያዘዝሁት ሻይ ላዩ ላይ ሽፋን እስኪሠራ ድረስ ስሰካና ስነቅል ቆየሁ። ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሲሆን ቻርጁ ቶሎ እንዳያልቅበት ራሱን ያዘገያል። የእኔን በመብራት ለክቻለሁ፣ የእሷን በባትሪ። ሁለቱን አንድ ላይ ወረቀት ላይ አስፍሬ የሰው እንጀራ አስቆርጫለሁ።

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ወደ ቢሮ ስመለስ እናገራለሁ ብዬ ነበር። በዘንባባዎቹ ሥር ብስክሌቴን እየነዳሁ ምን እንደምል ቃል በቃል አዘጋጀሁ። ስገባ አቶ ፈቃዱ ስልክ ላይ ነበሩ። ሲጨርሱ ስብሰባ ገቡ። ከስብሰባ ሲወጡ ደግሞ፣ የማልዋሽ ከሆነ፣ እኔ ሽንት ቤት ነበርሁ፤ ሆን ብዬ።

ዓርብ የማኅደር የመጨረሻ ቀን ነው። የቀራትን ዕረፍት ወስዳ በዚያው ልትሰናበት ነው። ጠረጴዛዋን ጠራርጋ፣ የሠራችውን ሁሉ በንጹሕ ጽፋ ማብራሪያውን ከነፍላሹ ሰጠችኝ። «ይጠቅምሃል» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። አፌን ከፈትሁ። የወጣልኝ ግን «መንገድሽን ያቅናልሽ» የሚለው ብቻ ነበር። እኔ! ያ ሁሉ አፍ ያለኝ ሰውዬ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ዕረፍት አልነበራቸውም። ጠዋት ተነሥቼ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ ማታ ደግሞ ነገ። ብስክሌቴን ይዤ ያለ ምክንያት የዓባይን ድልድይ እሻገራለሁ፤ ሹም አቦ ድረስ እነዳለሁ፤ ወዳጅ ቤት በር ላይ ደርሼ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ። ምግብ አንድ ጎርሼ እተዋለሁ፤ ማንጎ ብቻ ነበር የሚወርድልኝ። ለራሴ ብዙ ሰበብ ሰጠሁ። እሷ ብትሆን ትናገር ነበር ወይ እላለሁ፤ ደግሞ ሳላውቅ ያደረግሁት ነው እላለሁ። ሳላውቅ ያደረግሁት እስከ እሮብ ምሳ ሰዓት ያለው ብቻ ነው፤ ይኼንንም አውቀው ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ተሰጠኝ። ፈረምሁ። ደብዳቤውን አጥፌ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትሁ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ የጎንደር አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አልተኛሁም፤ ሐሳቤንም እንደ ቆረጥሁ አላስታውስም። እግሬ ነው የወሰደኝ። ዝናቡ በዚያ ሌሊት ጀምሮ ነበርና ወረታ ስንደርስ የፎገራ ሜዳ ጥቁር ሆኖ ጠበቀን፤ የራሰው አፈር ሽታ በመስኮቱ እየገባ አውቶቡሱን ሞላው። አዲስ ዘመን ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ሲገዛ እኔ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። አዘዞ ወርጄ በሚኒባስ ቆላ ድባ ስገባ ከቀትር አልፏል።

መሪጌታን የማያውቅ የለም፤ ቤታቸውን ወዲያው አሳዩኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። የማኅደር የሥራ ባልደረባ መሆኔን ስነግራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«ልጄ ሥራውን ጨርሳ መጣች» አሉኝ። «ተመስገን ነው። ለመሆኑ ደኅና ሠርታላችኋለች?»

ለአባቷ አልነገረቻቸውም። በቁጥር ተበልጬ ተሰናበትሁ አላለቻቸውም።

«ደኅና ሠርታለች የኔታ። ከእኔ ይልቅ» አልሁ። ከዚያ በላይ ፊታቸው መቆም ስላልቻልሁ፣ ምሳ ቅመስ ቢሉኝም ይቅርታ ጠይቄ፣ ገበያ ናት ወዳሉኝ ወጣሁ።

ማኅደር የአክስቷ የእህል ሱቅ ደጃፍ ላይ በጣሳ ሽምብራ ትሰፍር ነበር። አንዲት ገበያተኛ፣ «ምርቃቷንስ?» እያለች ትነዘንዛታለች። ማኅደር አንድ እፍኝ ጨመረችላት፤ ቀና ስትል ዐየችኝ። አልደነገጠችም።

«ዝናብ መታህ?» አለችኝ።

«ማኅደር፣ የቅዳሜው ልኬት ልክ አልነበረም። የአንቺን በባትሪ ነው የለካሁት። መብራት ሄዶ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ከምሳ በኋላ ስትል አወቅሁ። እኔስ ዓባይ ማዶ አይደል የምኖረው? መብራት ስድስት ሰዓት ሄዶ እስከ ማታ አልመጣም። ሻማ ስገዛ ነው የዋልሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? እዚያው አቶ ፈቃዱ ፊት?»

ጣሳውን ሽምብራው ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ብናገር ተበልጣ ነው ይሉኛል። አንተ ብትናገር ነው ነገሩ የሚያምር። ያን ለት የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳይህ ለካ አላወቅህም። ከዚያ እሮብ ከምሳ ስትመለስ ፊትህን አየሁት፤ አሁን ገና አወቀ አልሁ።» የፈሰሰውን ሽምብራ ለቀመች። «ዓርብ ቦርሳዬን ይዤ የቆምሁት ለዚያ ነበር። ጠበቅሁህ እኮ።»

እዚያ ገበያ መካከል፣ በሰውና በአህያ መሀል ቆሜ አለቀስሁ። የሽምብራ ገዢዋ ሴትዮ ሰው ሞቶበት ነው ብላ «እግዜር ያጥናህ» አለችኝ። ማኅደር ሳቅ አመለጣት፤ እኔም በእንባዬ መሀል ሳቅሁ። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። «ሰኞ እነግራቸዋለሁ፤ ትመለሻለሽ» አልኋት። «ንገራቸው» አለች። «እኔ ግን ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ላስተምር ተስማምቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።»

ሰኞ ለአቶ ፈቃዱ ሁሉንም ነገርኋቸው። ተነሥተው በቢሮው ኮምፒውተር፣ መብራት ባለበት፣ ሁለቱንም ሙከራ በእጃቸው አስነሡ። አዲሱ ላይብረሪ፣ የማኅደር፣ ጥቂት ይቀድማል። በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ ተማሪ ገጹን ከፍቶ ዓይኑን እስኪያርገበግብ አይሞላም። ያን ያህል ወር የተከራከርንበት፣ አንድ ሰው የወጣበት ነገር ይኼው ነበር።

«ማሽንህ በመዘግየቱ አልቆጣህም» አሉኝ አቶ ፈቃዱ። «ይኼ በማንም ይደርሳል። አንተ ዐሥራ ሁለት ቀን ስለዘገየህ ነው የማዝንብህ።» ወዲያው ማኅደር ጋ ደወሉ። አመሰገነቻቸው፤ አልመለስም አለች። ደብዳቤውን ሊቀሙኝ ይችሉ ነበር፤ ሌላ ሰው ስላልነበራቸው ይሁን ስላዘኑልኝ ይሁን አላወቅሁም፣ ተውኝ። ገጹን በእሷ ላይብረሪ፣ በእሷ ማብራሪያ እየተመራሁ ሠራሁት። በመጀመሪያው የውጤት ቀን አልቆመም። አቶ ፈቃዱ በፊት ለፊት በር ወጡ፤ እኔን ሰላም ሳይሉ።

ይህን ሁሉ ማክሰኞ ዕለት ሐይቁ ዳር ስንጎራደድ አሰብሁት። እምቦጩ ዳር ዳሩን ይዞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጀልባው መጥቶ ሰዎቹን ጭኖ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ታሪኩን ከዚህ በፊትም አውርቼዋለሁ። አዲስ ፕሮግራመር በመጣ ቁጥር የባትሪውን ነገር እነግራለሁ፤ ለቤዛ ብቻ ገና አልነገርኋትም ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሁለተኛ ባትሪ ላይ ሆኖ የሚለካ የለም። ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሳወራው መብራት ይሄዳል፣ ስሕተቱ ይገኛል፣ ወዲያው ለአለቃዬ እናገራለሁ። ማኅደርም በእኔ ወሬ ውስጥ ስም የላትም፤ «አንዲት ልጅ» ናት። ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ ብዬ ስላወራሁት እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቢሮ ስመለስ ቤዛ ወረቀቷን እንደ አዲስ እየሠራች አገኘኋት። ሁለቱንም መብራት ላይ ሰክታ ደግማ ለክታቸዋለች፤ ልዩነቱ እንዳለ ነው። በዚህ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁና ታሪኩን ነገርኋት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከነስሟ፣ ከነዓርቡ፣ ከነደብዳቤው ነገርኋት። ባትሪው ላይ ስደርስ እንደ ሌሎቹ ሳቀች። እየቆየ ሲሄድ መሳቋን ተወች። ስጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ጌትነት» አለችኝ፣ «ዐሥራ ሁለቱን ቀን ሙሉ ምን ያደርጉ ነበር?»

ጥሩ መልስ ፈለግሁ። ተጨንቄ ነበር፣ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ልላት ነበር፤ እሱም ውሸት አይደለም። ግን የጠየቀችኝ ስለ ጭንቀቴ አልነበረም።

«እንደ ሌላው ቀን ሥራ እየገባሁ እወጣ ነበር» አልኋት።